የጡንቻን ሥራ በኤሌክትሪክ የመረመረው ሐኪም ዱሼን

ጊዮም ዱሼን የተወለደው በሰሜን ፈረንሳይ፥ በባሕር ዳር በምትገኘው በቡሎኝ ከተማ በ1806 ዓ.ም. ነው (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሰው ዘመን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው)። ዘመዶቹ መርከበኞች ስለ ነበሩ እርሱም የባሕር ሰው እንዲሆን ይፈለግ ነበር፤ ነገር ግን ልቡ ወደ ሳይንስ ስላደላ ወደ ፓሪስ ሄዶ ሕክምና ተማረ። በ1831 ትምህርቱን ፈጽሞ ወደ ከተማው ተመለሰና ሚስት አግብቶ ሥራውን ጀመረ።

ደስታው ግን አልቆየም። ሚስቱ ወንድ ልጅ ከወለደች በኋላ ብዙ ሳትቆይ በወሊድ ትኩሳት ሞተች። ያዋለዳት እርሱ ብቻውን ስለ ነበረ አገሩ ያማው ጀመር፤ ልጁንም የሚስቱ ዘመዶች ወስደው ከአባቱ አርቀው አሳደጉት።

በዚያን ዘመን አንዳንድ ሐኪሞች በታመመው አካል ላይ ቀጭን መርፌ ሰክተው ኤሌክትሪክ ያሳልፉ ነበር። ዱሼንም ይህንኑ ሲሞክር ቆዳውን ሳይወጉ የፈለጉትን ጡንቻ ማንቀሳቀስ እንደሚቻል አስተዋለ። በ1842 ወደ ፓሪስ ተመልሶ ይህን ነገር በብርቱ ይመረምር ጀመር። ዘዴው እንዲህ ነው። የኤሌክትሪኩ መንኪያ ደረቅ ሲሆን ኃይሉ ቆዳውን ብቻ ያቃጥላል፤ በውኃ የራሰ ሲሆን ግን ቆዳውን አልፎ ከሥሩ ያለውን ጡንቻ ያኮማትራል። የተጠቀመበትም መሣሪያ ፋራዴይ በ1831 ባገኘው ሕግ የሚሠራ ጥቅል ሽቦ ነበረ።

ዱሼን በእያንዳንዱ ጡንቻ ላይ ከሌላው ቦታ ይልቅ ቶሎ የሚመልስ ነጥብ እንዳለ አወቀ። የዚህን ምክንያት የገለጠው ግን የበርሊኑ ሐኪም ሬማክ ነው፤ ነጥቡ ነርቭ ወደ ጡንቻው የሚገባበት በር ነው። እንግዲህ ጡንቻውን የሚያዘው ነርቭ ከተነካ ጥቂት ኃይል ይበቃል ማለት ነው።

ከሞተ ሰው ሬሳ የጡንቻውን መነሻና መድረሻ ማየት ይቻላል፤ ሥራውን ግን ማየት አይቻልም። ዱሼን ሕያው ሰውን ጠየቀ። በመዳፍ አጥንቶች መካከል ያሉት ትንንሽ ጡንቻዎች የጣትን ሥር አጥፈው ጫፉን እንደሚዘረጉ ያስረዳው በዚህ መንገድ ነው። እነርሱ ሲደክሙ እጅ እንደ አሞራ ጥፍር ይቆለመማል፤ ብዕር የምንይዝ ተማሪዎች ሁሉ ለእነዚህ ጡንቻዎች ባለ ዕዳ ነን።

ለእኔ ከሁሉ የሚያስደንቀኝ ስለ ፊት የጻፈው ነው። ፊቱ ሕመም የማይሰማው አንድ ጥርስ የለሽ ሽማግሌ አግኝቶ የፊቱን ጡንቻዎች አንድ በአንድ እያንቀሳቀሰ ኀዘንን፥ ፍርሃትንና ሳቅን በፎቶግራፍ አስነሣ። በ1862 ባሳተመው መጽሐፍ እንደ ገለጠው፥ የከንፈርን ዳር የሚስበው ጡንቻ ለፈቃዳችን ይታዘዛል፤ በዓይን ዙሪያ ያለው ግን የሚኮማተረው ሳቁ ከአንጀት ሲሆን ነው። ዳርዊንም በ1872 ከእነዚህ ሥዕሎች አንዳንዶቹን በመጽሐፉ አውጥቷል።

ይህን ሁሉ ሲሠራ ዱሼን በሆስፒታል ሹመት፥ በዩኒቨርሲቲም ወንበር አልነበረውም። መሣሪያውን ይዞ ከሆስፒታል ወደ ሆስፒታል እየዞረ በሽተኞችን ይመረምር ነበር፤ የሚስቁበትም ነበሩ። በሳልፔትሪዬር ሆስፒታል የነበረው ስመ ጥሩ ሐኪም ሻርኮ ግን እንደ መምህሩ አከበረው። በ1868 ስለ ጻፈው፥ የወንዶች ልጆችን ጡንቻ እያደከመ ስለሚሄደው በሽታ ዛሬም የሚጠራው በዱሼን ስም ነው።

የተለየው ልጁ ኤሚል አድጎ ሐኪም ሆነና ከብዙ ዓመት በኋላ ከአባቱ ጋር ተገናኝቶ አብሮት ሠራ። ዳሩ ግን ልጁ ቀደመው፤ አባትየውም በ1875 በፓሪስ አረፈ።

ከዚያ 86 ዓመት ቆይቶ፥ በ1961፥ ሊበርሰን የተባለ ሐኪም ከጓደኞቹ ጋር በአሜሪካ አንድ አዲስ ነገር አሳተመ። ከአንጎል በሽታ በኋላ ሲራመድ የእግሩ ጫፍ መሬት ለሚጎተትበት ሰው በጫማው ተረከዝ ሥር ማብሪያ አደረጉለት። ተረከዙ ከመሬት ሲነሣ ኤሌክትሪኩ ከጉልበት በታች ወደሚያልፈው ነርቭ ይሄዳል፤ የእግሩም ጫፍ ቀና ይላል፤ ተረከዙ መሬት ሲነካ ኃይሉ ይቋረጣል። ይህን የመሰለ መሣሪያ አስረው የሚራመዱ በሽተኞች ዛሬም አሉ።