ዐፄ ምኒልክ፣ መኪናዋና መሪዋ



ከጅቡቲ ወደብ ዕቃ ጭነው ወደ አገራችን የሚወጡትን ከባድ መኪናዎች ሁላችንም እናውቃቸዋለን። ከዚህ ከተማ ተነሥታ አዲስ አበባ የደረሰችው የመጀመሪያዋ መኪና ግን አንዲት ነበረች፤ ጊዜውም 1900 ዓ.ም. ነበር። በዚህ ዓመት መጽሔታችን የምናስታውሰው መኪናዋን የተቀበሏትን ዐፄ ምኒልክን ነው።

ምኒልክ ነሐሴ 12 ቀን 1836 ዓ.ም. አንጎለላ ተወለዱ። አባታቸው ንጉሥ ኃይለ መለኮት በሞቱ ጊዜ ገና ልጅ ነበሩ። ዐፄ ቴዎድሮስ ሸዋን ሲይዙ ወስደዋቸው፣ እስከ 1857 ዓ.ም. ድረስ በመቅደላ በቁም እስር ኖሩ። ከዚያ አምልጠው የአባታቸውን ዙፋን ያዙ። በ1882 ዓ.ም. እንጦጦ ላይ የንጉሠ ነገሥትነት ዘውድ ጫኑ፤ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ደግሞ ዐድዋ ላይ ድል አደረጉ።

ይህ የሕይወታቸው ክፍል በየዓመቱ ይነገራል። ለተማሪ የሚበጀው ሌላው ክፍል ግን የማወቅ ጉጉታቸው ነው። በዘመናቸው የጎበኟቸው የውጭ አገር ሰዎች እንደ ጻፉት፣ ንጉሡ ሰዓትም ሆነ ጠመንጃ ሲመጣላቸው አመስግነው አያስቀምጡትም ነበር፤ ውስጡን ማየት፣ አሠራሩን መጠየቅ ይወዱ ነበር። ስልክ፣ ፖስታና ባንክ በዘመናቸው ገቡ። ስልኩን የሰይጣን ሥራ ነው ብለው የተቃወሙ ቢኖሩም ከመሞከር ወደ ኋላ አላሉም። ከጅቡቲ የተጀመረው የባቡር ሐዲድም በእሳቸው ፈቃድ የተሠራ ነው፤ በ1900 ዓ.ም. ግን ገና ድሬዳዋ ላይ ቆሞ ነበር።

መኪናዋን ያመጣው ቤንትሌይ የሚባል እንግሊዛዊ ነው። ሲድሊ የተባለችው ይህች መኪና የተሠራችው ለለንደን ዓይነት ጎዳና ሲሆን፣ የጠበቃት ግን በረሃ፣ ድንጋይና ወንዝ ነበር። ነዳጅ ማደያ የለም፣ ጋራዥ የለም፣ መለዋወጫም የለም። ያም ሆኖ አዲስ አበባ ደረሰች። ንጉሠ ነገሥቱ በዚያን ጊዜ ስድሳ ሦስት ዓመት ሞልቷቸው፣ ጤናቸውም መታወክ ጀምሮ ነበር። ቢሆንም ራሳቸው ተሳፍረው ሞከሯት።

ያን ጊዜ በአገራችን የመኪና ምርመራ የሚባል ነገር አልነበረም። የዚያ ዘመን መኪናዎች የመሪ ዘንግ ደግሞ ወጥ ብረት ነበር። መኪናው ከፊት ሲጋጭ ዘንጉ ወደ ኋላ ተገፍቶ የሾፌሩን ደረት ይወጋ ነበር። በግጭት ጊዜ ተጣጥፎ ጉልበቱን የሚያበርድ ዘንግ በሰፊው የገባው ከስድሳ ዓመት በኋላ ነው፤ አሜሪካ እንኳ ይህን በሕግ የደነገገችው እ.ኤ.አ. በ1968 ነው። ዛሬ አንድ ሰው ክፍሎችን ገዝቶ በቤቱ መኪና ቢገጣጥም፣ መርማሪው አጥብቆ ከሚያያቸው ነገሮች አንዱ መሪው ነው። መሪው በዘንጉ ላይ በደንብ ታስሯል? ሲነቀነቅ ይላወሳል? ጎማው ሳይንቀሳቀስ መሪው ብቻውን ምን ያህል ይዞራል? ሰው የሚያቆስል ሹል ጠርዝ አለው? ዘንጉ በግጭት ጊዜ ይታጠፋል? ለውበት ተብሎ የተገጠመ ትንሽ የእሽቅድምድም መሪ፣ እነዚህን ካላሟላ፣ የቀረው መኪና የቱንም ያህል ቢያምር አያልፍም።

በቋንቋችን መኪናን የሚያዞረውም፣ ሕዝብን የሚያስተዳድረውም መሪ ይባላል። ሁለቱም ብቻቸውን አይሠሩም። መሪው ከጎማው ጋር የሚገናኝባቸው ማያያዣዎች ከላሉ፣ የጨበጠው እጅ ቢበረታም ዋጋ የለውም። ዐፄ ምኒልክም መኪናዋ በመጣችበት በዚያው በ1900 ዓ.ም. የመጀመሪያዎቹን ሚኒስትሮች ሾሙ። ሥራው በአንድ ሰው ትከሻ ላይ ብቻ እንዳይወድቅ መከፋፈል ነበረበት። ብዙም ሳይቆይ ሕመሙ ጸናባቸው፤ በመጨረሻም መናገርና መንቀሳቀስ ተሳናቸው። ሹማምንቱ በመካከላቸው ብዙ ቢሻኮቱም የመንግሥቱ ሥራ ጨርሶ አልቆመም። ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. ዐረፉ። ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው ከዚያ ከሦስት ዓመት በላይ ቆይቶ ነው፤ ፍጻሜውን አላዩትም።

እኛ የምንኖረው አዲስ ዕቃ ሁሉ በሚያልፍበት ወደብ ነው። ልጆቻችን ስልክም፣ ሞተርም፣ ወሬም ከማንም ቀድመው ያገኛሉ። ከምኒልክ የምንማረው አዲስን ነገር አለመፍራትን፣ ደግሞም ሳይመረምሩ አለመቀበልን ነው። አዲስ ነገር እጃችሁ ሲገባ እንዴት ይሠራል፣ ማንን ሊጎዳ ይችላል ብላችሁ ጠይቁ፤ መልሱንም ከመምህራችሁ ጋር ፈልጉ።

ለሾፌር ወላጆቻችንም አንድ ቃል አለኝ። የቦሎ ጊዜ ሲደርስ ምርመራውን እንደ ወረቀት ጉዳይ ብቻ አትዩት። ቁልቁለቱ ላይ መሪያችሁ እንዲታዘዛችሁ፣ ማታም ልጆቻችሁ እንዲያገኟችሁ፣ መርማሪው ከማየቱ በፊት እናንተ እዩት።