የኤቶሬ ቡጋቲ የሕይወት ታሪክ

ስለ እሽቅድምድም አውቶሞቢል ሲወራ የኤቶሬ ቡጋቲ ስም ሳይነሣ አይቀርም። ብዙ ሰው የሚያደንቀው የመኪናዎቹን ፍጥነት ነው፤ እኔ ግን ፍሬናቸው እንዴት እንደ ተለወጠ ለመናገር እወዳለሁ። የሰውየው ጠባይ ከሞተሩ ይልቅ በፍሬኑ ይታያልና። የማነሣቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

ቡጋቲ በ1881 ዓ.ም. በኢጣልያ አገር በሚላኖ ከተማ ተወለደ። አባቱ ካርሎ የታወቀ የቤት ዕቃ ሠሪ ነበረ፤ ታናሽ ወንድሙ ሬምብራንትም የአራዊትን ምስል በመቅረጽ ስመ ጥር ሆነ። የኤቶሬ ልብ ግን ወደ ሞተር አዘነበለ። ሃያ ዓመት ሳይሞላው የሠራት አውቶሞቢል በ1901 በሚላኖ ኤግዚቢሽን ቀርባ ተሸለመች። በ1902 ዴ ዲትሪክ የሚባል ኩባንያ ሊቀጥረው ፈለገ፤ ዳሩ ግን ዕድሜው ለመፈረም ስላልደረሰ ውሉን የፈረመለት አባቱ ነበረ። አንባቢ ይህን ነገር በልቡ ያኑረው።

በ1909 በአልሳስ አውራጃ በሞልስሃይም የራሱን ፋብሪካ አቋቋመ። በዚያው ዓመት ልጁ ዣን ተወለደ።

በ1924 ቡጋቲ ዓይነት 35 የተባለችውን መኪና በሊዮን ከተማ ለውድድር አቀረበ። በዚያን ጊዜ የብዙዎቹ የእሽቅድምድም መኪናዎች ጐማ የሚታሠረው በቀጫጭን ሽቦ በተወጠረ ቸርኬ ነበረ። ቡጋቲ ግን ቸርኬውን ከአሉሚኒየም አቅልጦ፥ ስምንት ጠፍጣፋ ክንዶች አበጅቶ፥ የፍሬኑን ታምቡር ከርሱ ጋር አንድ አካል አደረገው። ስለዚህ ጐማው ሲወልቅ ታምቡሩ አብሮ ይወጣል፤ መካኒኩም የፍሬኑን ሸራ ወዲያው አይቶ ሊለውጥ ይችላል። ይህች መኪናና ከርስዋ የወጡት እኅቶችዋ በሲሲልያ የሚደረገውን የታርጋ ፍሎርዮ ውድድር ከ1925 እስከ 1929 አምስት ዓመት በተከታታይ አሸነፉ።

እንዲህ ያለ ብልኅ ሰው በአንድ ነገር ግን ልቡን አጸና። የመኪናዎቹ ፍሬን የሚሠራው በሽቦ ገመድ ነበረ፤ ነጂው ፔዳሉን ሲረግጥ ገመዱ ይሳባል፥ ሸራውም ታምቡሩን ይይዛል። ገመድ ግን ይለጠጣል፤ አንዱ ከሌላው ይላላል። ያን ጊዜ አንዱ ጐማ ቀድሞ ሲያዝ መኪናው ወደ አንድ ወገን ይጐተታል። በ1921 ዱዘንበርግ የተባለው የአሜሪካ መኪና በዘይት ግፊት በሚሠራ ፍሬን የፈረንሳይን ታላቅ ውድድር አሸንፎ ነበረ። ቡጋቲም በ1922 ይህን ፍሬን በፊት ጐማዎች ላይ ሞክሮት ነበረ፤ ነገር ግን ተወውና ወደ ገመዱ ተመለሰ። ሌሎች ፋብሪካዎች ወደ ዘይት ሲሻገሩ እርሱ ብዙ ዓመት በገመዱ ጸና።

በ1936 ሠራተኞቹ ሥራ አቆሙ። ቡጋቲ በዚህ ልቡ ተሰብሮ ወደ ፓሪስ ሄደ፤ የፋብሪካውም አመራር በዣን እጅ ቀረ። በ1938 በዣን የታቀደችው ዓይነት 57 የዘይት ፍሬን ተገጠመላት። በዚህ ጊዜ ዣን ገና ሃያ ዘጠኝ ዓመቱ ነበረ።

ለውጡ ገመዱን አውጥቶ ቧንቧ በመትከል ብቻ የሚያልቅ አይደለም። ፔዳሉ ዘይት የሚገፋ ዋና ሲሊንደር ያስፈልገዋል፤ በየጐማው እምብርት ዘንድም ሸራውን ወደ ታምቡሩ የሚገፋ ትንሽ ሲሊንደር መግባት አለበት። የፊት ጐማዎች ስለሚዞሩ የሚተጣጠፍ ቱቦ ይፈልጋሉ። ከውስጡም አየሩ ሁሉ መውጣት አለበት፤ አየር ሲጫኑት ይታመቃል፥ ዘይት ግን አይታመቅምና። ይህ ሁሉ ሲፈጸም ግፊቱ በቧንቧው ሁሉ እኩል ይደርሳል። በፊዚክስ ትምህርታችን የፓስካል ሕግ የምንለው ይህ ነው። ከዚያ ወዲህ ቀደም ብለው የተሠሩ አንዳንድ መኪናዎችም በባለቤቶቻቸው ፈቃድ ወደ ዘይት ተለውጠዋል።

ነገር ግን ደስታው አልረዘመም። ነሐሴ 11 ቀን 1939 ዣን በፋብሪካው አጠገብ መኪና ሲሞክር፥ ድንገት ያጋጠመውን ብስክሌት ነጂ ላለመግጨት ሲል ከዛፍ ጋር ተጋጭቶ ሞተ። ሠላሳ ዓመቱ ነበረ። አባቱም ከጦርነቱ በኋላ በ1947 በፓሪስ ዐረፈ፤ በሞልስሃይም አጠገብ በዶርሊስሃይም ተቀበረ።

በአገራችን ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም ይባላል። ብዙ ጊዜ እውነት ነው፤ እኛም ተማሪዎች ይህን አንክድም። ነገር ግን ቡጋቲ ራሱ ለመፈረም እንኳ ያልደረሰ ልጅ ሳለ ያቦካው በቅቶ ነበረ፤ አባቱ ስላመነው ነው። የልጁም ዣን ቡኮ እንዲሁ በቃ። እንግዲህ ወላጆቻችንና መምህራኖቻችን ሥራችንን አይተው ይፍረዱ፤ እኛም ዕድሜ ሰጥቶን ባለ ሙያዎች ስንሆን፥ ከኋላችን የሚመጣው ልጅ የላላውን ገመድ ቢያሳየን ለመስማት እንፍጠን።