አፄ ቴዎድሮስን ያነሣቸውና የጣላቸው

ዛሬ በታዋቂ ሰዎች አምዳችን ስለ ዳግማዊ አፄ ቴዎድሮስ አጫውታችኋለሁ። ከፒያሳ በቸርችል ጎዳና ቁልቁል ስንወርድ በስማቸው የተሰየመው አደባባይ ላይ ያለውን መድፍ ሁላችንም እናውቀዋለን። እስቲ የባለቤቱን ታሪክ ልንገራችሁ።

ካሳ ኃይሉ በ1811 ዓ.ም. ቋራ ተወለዱ። ያደጉት በችግር ነው። ጠላቶቻቸው የኮሶ ሻጭ ልጅ እያሉ ይሰድቧቸው ነበር። ጊዜው ዘመነ መሳፍንት ነው፤ ንጉሡ ጎንደር ላይ ለስሙ ተቀምጦ መሳፍንቱ እርስ በርስ ይዋጋሉ፤ የሚዘረፈው ግን ገበሬው ነው። ካሳ ሸፈቱ። ያገኙትን ለድሃው ያካፍሉ ስለነበር ብዙ ሰው ተከተላቸው ይባላል። በ1845 አይሻል ላይ ራስ አሊን፣ በ1847 ደግሞ ደጃዝማች ውቤን አሸነፉና ደረስጌ ማርያም ቴዎድሮስ ተብለው ነገሡ።

ሕልማቸው ትልቅ ነበር። አገሩን አንድ ማድረግ፣ የባሪያ ንግድን ማስቆም፣ ወታደሩ ሕዝቡን እንዳይዘርፍ ደመወዝ መክፈል ፈለጉ። ጋፋት ላይ ሴባስቶፖል የሚባለውን ትልቅ መድፍ አሠሩ። ዋናው እስከ ዛሬ መቅደላ ነው፤ የእኛ ሰፈሩ ምሳሌው ነው።

ግን ምን ዋጋ አለው! አመፅ ሲበዛባቸው ጭካኔያቸው ባሰ። የሸፈተባቸውን ሰው እጅና እግር አስቆረጡ፤ በ1859 ጎንደርን አስዘረፉ፣ አብያተ ክርስቲያናቱንም አቃጠሉ። ያ የተከተላቸው ገበሬ ሸሻቸው። ጊዮርጊስ ጋ ፈረስ ላይ ያሉት አፄ ምኒልክም ከሸዋ ተማርከው ሲወሰዱ 11 ዓመታቸው ነበር፤ የእኛ እኩያ! አፄ ቴዎድሮስ እንደ ልጅ ቢያሳድጓቸውም፣ ልጃቸውንም ቢድሩላቸውም በ1857 ከመቅደላ አመለጡ።

ይህ በእኛ አገር ብቻ የሆነ አይደለም። በጥንቷ ግሪክም ፒሲስትራተስ የሚባል ሰው በድሆች ድጋፍ የአቴንን ከተማ በጉልበት ያዘ። ልጁ ሂፒያስ ግን ወንድሙ ሲገደልበት ጨካኝ ሆነና ከክርስቶስ ልደት በፊት በ510 ከከተማው ተባረረ።

የእንግሊዝ ጦር መቅደላ ሲደርስ ከአፄ ቴዎድሮስ ጋር የቀረው ሰው ጥቂት ነበር። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ለጠላት እጃቸውን ላለመስጠት በገዛ ሽጉጣቸው ሞቱ።

እኔ አፄ ቴዎድሮስን እወዳቸዋለሁ። ነገር ግን የመቅደላን ጀግንነት ስናወራ የጎንደርን ቃጠሎ መዝለል የለብንም ባይ ነኝ። ያን ከባድ መድፍ ተራራ ለተራራ አስጎትተው መቅደላ አድርሰዋል፤ የሕዝቡን ልብ ግን መንገድ ላይ ጣሉት። ሕዝብ ያነሣውን ሰው ሕዝብ ሲተወው ይወድቃል። ይሄ ለክፍል አለቆችም ይሠራል!

በሌላ ታሪክ እስክንገናኝ ደህና ሁኑ።