ግሬስ ሆፐር እና የማሽኑ ደብተር

ኮምፒዩተር ሲበላሽ ብዙ ሰው ለጠጋኙ የሚነግረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እምቢ አለ ይላል፣ አለቀ። እኛ እጩ መምህራን ነገ በየወረዳው ስንመደብ ባለሙያ አጠገባችን ላይኖር ስለሚችል ችግራችንን በስልክ ማስረዳት ግድ ይሆንብናል። ታዲያ እምቢ አለ በሚል ቃል ብቻ ማን ሊረዳን ይችላል? ስለዚህ የማሽንን ሁኔታ መዝግቦ መያዝን ከሥራቸው ጋር ያዋሐዱትን የአንዲት መምህርት ታሪክ ለማቅረብ ወደድን።

ግሬስ ሆፐር እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 9 ቀን 1906 በኒው ዮርክ ከተማ ተወለዱ። በሰባት ዓመታቸው ቀስቃሽ ሰዓት እንዴት እንደሚሠራ ለማወቅ አንዱን ፈቱት፤ መልሰው መግጠም ሲያቅታቸው ሁለተኛውን፣ ከዚያም ሦስተኛውን እያሉ ቤት ውስጥ የነበሩትን ሰባቱንም በታተኗቸው። እናታቸው ምን ቢያደርጉ ጥሩ ነው? ከእንግዲህ የምትፈቺው አንዱን ብቻ ነው ብለው ፈቀዱላቸው። ለእኛ ይህ ከቅጣት ይልቅ ትምህርት ሆኖ ይታየናል።

በ1928 ከቫሳር ኮሌጅ በሒሳብና በፊዚክስ ተመረቁ፤ በ1934 ከዬል ዩኒቨርሲቲ በሒሳብ የዶክትሬት ዲግሪ አገኙ። ከ1931 ጀምሮም እዚያው በተማሩበት በቫሳር ሒሳብ ያስተምሩ ነበር። የሁለተኛው የዓለም ጦርነት አሜሪካን ሲነካ ለባሕር ኃይል አመለከቱ። ዕድሜያቸው አልፏል፣ ክብደታቸውም ከሚፈለገው በታች ነው ቢባሉም በልዩ ፈቃድ በ1943 መጨረሻ ላይ ገቡ። በ1944 ወደ ሐርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ተላኩና ማርክ ዋን ከተባለው ማሽን ጋር ተዋወቁ።

ማርክ ዋን ዛሬ ጠረጴዛ ላይ እንደምናየው ኮምፒዩተር አልነበረም። ርዝመቱ ከ15 ሜትር በላይ ሲሆን በሴኮንድ ሦስት ጊዜ ይደምራል፤ አንድ ማባዛት ግን ስድስት ሴኮንድ ያህል ይፈጅበት ነበር። ትእዛዙን የሚያነበው ከተበሳ የወረቀት ጥብጣብ ላይ ነው። ዶክተር ሆፐር ለዚህ ማሽን ከ500 ገጽ በላይ የሆነ የአሠራር መመሪያ አዘጋጁ፤ በ1946 ታተመ።

ቀጥሎ የተሠራው ማርክ ቱ ነው ያችን ዝነኛ የእሳት እራት ያተረፈልን። ነገሩ የሆነው እ.ኤ.አ. መስከረም 9 ቀን 1947 ነው። የዚያን ዕለት የማሽኑ ደብተር ገጽ በእኛ ሰዓት ሲነበብ እንዲህ ነው። ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ሥራ ተጀመረ፤ 4 ሰዓት ላይ ቆመ፤ 5 ሰዓት ላይ የኮሳይን ጥብጣብ ተጀመረ፤ ከቀኑ 9 ሰዓት ከ25 የመደመሪያው ፈተና ተጀመረ። 9 ሰዓት ከ45 ሲሆን በኤፍ ሰሌዳ ላይ ባለው 70ኛው ሪሌ ውስጥ አንዲት የእሳት እራት ተገኘች። ሠራተኞቹም አውጥተው በፕላስተር ገጹ ላይ ለጠፏትና ከሥሯ ቀልድ ቢጤ ጻፉባት፤ ምክንያቱም መሐንዲሶች ከዚያ በፊትም የማሽንን እንከን በነፍሳት ስም ይጠሩት ነበር። እራቷን ያገኙት ዶክተር ሆፐር ናቸው ሲባል ይሰማል፤ ስሕተት ነው። እሳቸው ታሪኩን በየንግግራቸው ደጋግመው በመናገር አሳወቁት እንጂ።

ሰው ሁሉ የሚያስታውሰው እራቷን ነው። እኛን ግን የማረከን የቀረው ገጽ ነው። መቼ ተጀመረ፣ መቼ ቆመ፣ የትኛው ፈተና ሲሄድ፣ በየትኛው ሰሌዳ፣ በስንተኛው ሪሌ? በቦታው ያልነበረ ሰው እንኳ ገጹን አንብቦ የዕለቱን ነገር መከተል ይችላል።

ይሁን እንጂ የሰው እጅ ይሳሳታል። በሐርቫርድ ፕሮግራም አዘጋጆቹ ደህና የሠራ የትእዛዝ ክፍል ሲያገኙ በደብተራቸው ይገለብጡትና ለሌላ ሥራ ይጠቀሙበት ነበር። በግልበጣው ላይ ግን ቁጥር ይዛባል፣ ፊደል ይለወጣል። ዶክተር ሆፐር መገልበጡን ለምን ለማሽኑ አንተውለትም አሉ። የዩኒቫክን ኮምፒዩተር ወደሚሠራው ኩባንያ በ1949 ከገቡ በኋላ፣ በ1952 ኤ ዜሮ የተባለውን ኮምፓይለር ሠሩ፤ የተዘጋጁትን ክፍሎች ፈልጎ የሚገጣጥመው ማሽኑ ራሱ ሆነ። በ1950ዎቹ መጨረሻ የሠሩት ፍሎው ማቲክም በ1959 ለተጀመረው ለኮቦል ቋንቋ ዋና መነሻ ሆኗል።

የዛሬው ስክሪፕትም የሚከተለው ይህንኑ ሐሳብ ነው። ስክሪፕት ማለት ትእዛዞች በተራ የተጻፉበት አጭር ፋይል ነው። ለምሳሌ በዊንዶውስ ሲስተም ኢንፎ የሚባል ትእዛዝ አለ፤ የኦፐሬቲንግ ሲስተሙን ስምና ቁጥር፣ ማሽኑ መጨረሻ የተነሣበትን ሰዓት፣ ሜሞሪው ስንት እንደሆነና ስንት እንደቀረ፣ የተጫኑትን ማሻሻያዎች ይዘረዝራል። ስክሪፕቱ ይህንን ይጠራል፤ በዲስኩ ላይ የቀረውን ቦታና የስሕተት መዝገቡን ይጨምራል፤ ሁሉንም በአንድ የጽሑፍ ፋይል ውስጥ ያስቀምጣል። ባለሙያው ሩቅ ቢሆንም ፋይሉ ይላክለታል። ሠላሳ ጥያቄ በስልክ መጠያየቅ፣ ቁጥር ማሳሳት ቀረ ማለት ነው እኮ! ግን የራሳችን ድርሻም አለ፤ ብልሽቱ ሲደርስ ምን እየሠራን እንደነበርን ስክሪፕቱ አያውቅም፤ ያንን የምንጽፈው እኛ ነን። ደግሞ ፋይሉ የማሽኑን ስም፣ የባለቤቱን ስምና የኔትወርክ አድራሻ ሊይዝ ስለሚችል ሳናነበው ለማናውቀው ሰው አንላከው።

ዶክተር ሆፐር በ1966 ጡረታ ቢወጡም በ1967 ባሕር ኃይሉ መልሶ ጠራቸው። መጨረሻ የተሰናበቱት በ1986 በሪር አድሚራልነት ማዕረግ፣ በ79 ዓመታቸው ነው። እስከዚያ ድረስ ማስተማራቸውን አልተዉም። ለአድማጮቻቸው 30 ሳንቲ ሜትር ገደማ የሆነ ሽቦ ያድሉ ነበር፤ ኤሌክትሪክ በናኖ ሴኮንድ ከዚያ በላይ መሄድ እንደማይችል ሰው በእጁ ይዞ እንዲያይ ነው። ጥሩ የማስተማሪያ መሣሪያ ማለት ይኸው ነው፤ ዋጋውም ኢምንት!

እ.ኤ.አ. ጥር 1 ቀን 1992 በ85 ዓመታቸው ዐረፉ፤ በአርሊንግተን ብሔራዊ መካነ መቃብርም ተቀበሩ። የማርክ ቱ ደብተር ወደ ስሚዝሶንያን የአሜሪካ ታሪክ ብሔራዊ ሙዚየም ገብቷል፤ እራቷም ከነፕላስተሯ ገጹ ላይ አለች።