የቃቄ ወርድወት፤ የሴቶች ጠበቃ

በዚህ ዓመት መጽሔታችን የአንዲት ያገራችንን ሴት ታሪክ ባጭሩ ላቀርብላችሁ አስቤአለሁ። ይህች ሴት የቃቄ ወርድወት ትባላለች። የሕግ ትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጠችም፤ በእርስዋ ዘመን ባገራችን እንዲህ ያለ ትምህርት ቤት አልነበረምና። ነገር ግን ስለ ሴቶች መብት በአደባባይ ቆማ ስለ ተከራከረች፥ እኔ ጠበቃ ብዬ ልጠራት እወዳለሁ።

ወርድወት የኖረችው በ19ኛው መቶ ዓመት ነው። አገርዋ ከእኛ ከቆሼ በስተ ምዕራብ፥ ከቡታጅራ ተራሮች ማዶ፥ ከሰባት ቤት ጉራጌ አንዱ የሆነው ምሑር ነው። አባትዋ ቃቄ የታወቀ ሰው ነበረ፤ የቃቄ መባልዋም ከዚህ የተነሣ ነው።

በዚያ ዘመን ሴት ልጅ የምትዳረው ወላጆችዋ ለመረጡላት ሰው ነበረ። ባል በሚስቱ ላይ ሌሎች ሚስቶች ሊያገባ ይችላል። ሚስት ግን ትዳሩ ቢመራት እንኳ፥ ባልዋ ፈቅዶ ካላሰናበታት በቀር ሌላ ልታገባ አትችልም። ይህ ልማድ አንቂት ይባላል። አንቂትን የጣሰች ሴት መቅሠፍት ይደርስባታል ተብሎ ስለሚታመን እጅግ ይፈራ ነበረ።

እንደሚነገረው የወርድወት ባልም በላይዋ ሌሎች ሚስቶች ነበሩት። እርስዋ አልቅሳ ዝም ማለት፥ ወይም ጠፍታ ወደ አባትዋ ቤት መሄድ ትችል ነበረ። ነገር ግን የራስዋን ብቻ አላሰበችም። ሴቶችን አስተባብራ ወደ የጆካ ሸንጎ ሄደች። የጆካ የሰባት ቤት ጉራጌ ሽማግሌዎች ተሰብስበው ቂጫ የተባለውን ሕግ የሚያወጡበትና የሚፈርዱበት ስፍራ ነው። በሸንጎው የሚቀመጡት ወንዶች ብቻ ነበሩ። በፊታቸው ቆማ ሴት ባልዋን እንድትመርጥ፥ ካልተስማማችም እንድትፈታ፥ ወንድ ብዙ ሚስት ማግባቱ ተገቢ ከሆነም ለሴት እንዲሁ እንዲፈቀድላት ጠየቀች። ለእኔ እንደሚመስለኝ ዋናው አሳብዋ ብዙ ባል ማግባት ሳይሆን፥ ፍርዱ ለሁለቱም ወገን አንድ ይሁን ማለት ነበረ።

ልማዱ ባንድ ቀን አልተለወጠም። አንቂትም ከእርስዋ በኋላ ብዙ ዘመን ቆየ። ስለዚህ ተሸነፈች የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። ይሁን እንጂ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ጋብቻ በሁለቱ ተጋቢዎች ፈቃድ እንዲሆን አዘዘ፤ በጋብቻ ላይ ጋብቻንም ከለከለ። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥትም ባልና ሚስት ሲጋቡ፥ በትዳር ሳሉና ሲፋቱ እኩል መብት እንዳላቸው ደነገገ። የወርድወት የክርክር ፍሬ ነገር ይኸው ነበረ።

ሕግ ግን የሚሠራበት ሰው ካላገኘ በወረቀት ላይ ይቀራል። ፈቃድዋ ሳይጠየቅ ልትዳር የታሰበች ጓደኛ ብትኖረን፥ እኛ ተማሪዎች አይተን ዝም ማለት የለብንም። ወላጆቻችንና መምህራኖቻችንም ከጎንዋ እንዲቆሙ በትሕትና እለምናለሁ። ወርድወት ያለ ፊደልና ያለ መጽሐፍ ይህን ያህል ከሠራች፥ ፊደል የቆጠርነው እኛማ ምን ያህል ይጠበቅብን ይሆን?