የግሬስ ሆፐር አጭር የሕይወት ታሪክ

በአንድ የ11ኛ ክፍል ተማሪ የተጻፈ

በትምህርት ቤታችን የኮምፒውተር ክፍል የሚማር ሁሉ አንድ ችግር ሳያጋጥመው አይቀርም። ይኸውም ለአንዱ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ተብሎ የተሠራ ፕሮግራም ወደ ሌላው ሲወሰድ አልሠራም ማለቱ ነው። ለሊኑክስ የተዘጋጀውን በዊንዶውስ ላይ ለማስኬድ የሚፈልግ ተማሪ፥ ሰው የጻፈውን የፕሮግራሙን ምንጭ ጽሑፍ አግኝቶ በአዲሱ ሲስተም ላይ እንደገና ወደ ኮምፒውተሩ ቋንቋ ማስተርጎም፥ የማይስማማውንም እየፈለገ ማረም ይችላል። ሥራው አድካሚ ነው፤ ሆኖም የሚቻል ነው። እንዲቻል ካደረጉት ሰዎች አንዷ፥ ዛሬ ታሪካቸውን ባጭሩ የማቀርብላችሁ አሜሪካዊቷ ግሬስ ሆፐር ናቸው።

ግሬስ ሆፐር በኒውዮርክ ከተማ በኤውሮፓ አቆጣጠር ዲሴምበር 9 ቀን 1906 ተወለዱ፤ ከዚህ በታች ያሉትም ዓመታት ሁሉ በኤውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። የሰባት ዓመት ልጅ ሳሉ የደወል ሰዓት እንዴት እንደሚሠራ ለማወቅ ፈልገው፥ በቤት ያገኙትን ሰዓት አንድ በአንድ እየፈቱ ሰባት ያህል እንዳበላሹ ይነገራል። እናታቸውም ነገሩን ባወቁ ጊዜ ከእንግዲህ አንድ ሰዓት ብቻ እንዲፈቱ ፈቀዱላቸው። ካደጉም በኋላ በቫሳር ኮሌጅ ሒሳብና ፊዚክስ አጥንተው በ1928 ተመረቁ፤ በ1934ም በዬል ዩኒቨርሲቲ በሒሳብ የዶክትርነት ማዕርግ አገኙ። በቫሳርም የሒሳብ መምህርት ሆነው ሲያስተምሩ ቆዩ።

ሁለተኛው የዓለም ጦርነት በተነሣ ጊዜ አገራቸውን በባሕር ኃይል ለማገልገል አመለከቱ። ምንም እንኳ ዕድሜያቸው ከተወሰነው ያለፈ፥ ክብደታቸውም ከሚፈለገው ያነሰ ቢሆን፥ በልዩ ፈቃድ በ1943 ተቀበሏቸው። በ1944 ወደ ሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ተላኩና ማርክ አንድ በተባለው የሒሳብ መኪና ላይ ተመደቡ። ይህ መኪና ርዝመቱ 15 ሜትር ያህል፥ ክብደቱ ከ4 ቶን በላይ ሲሆን፥ በአንድ ሰኮንድ ሦስት ቁጥር ያህል ከመደመር አያልፍም ነበር። ትእዛዙ የሚሰጠውም በወረቀት ጥቅል ላይ ቀዳዳ በመብሳት ነበር።

በዚያ ዘመን እያንዳንዱ ኮምፒውተር የሚያውቀው የራሱን የቁጥር ምልክት ብቻ ነበር። ለአንዱ የተጻፈው ለሌላው ባዕድ ቋንቋ ነው። ስለዚህ አንድ መሥሪያ ቤት አሮጌውን መኪና ለውጦ አዲስ ሲገዛ፥ ሠራተኞቹ ብዙ ጊዜ የደከሙበት ፕሮግራም ከአሮጌው ጋር ይጣላል። ግሬስ ሆፐርና ባልደረቦቻቸው አስቀድመው የሠሩትን የፕሮግራም ክፍል በደብተር ይዘው ለአዲሱ ሥራ በእጅ ይገለብጡት ነበር፤ በግልባጩም ላይ ስሕተት እየገባ ያስቸግራቸው ነበር።

በ1949 በፊላደልፊያ ዩኒቫክ የተባለውን ኮምፒውተር ይሠራ ወደ ነበረው ኩባንያ ገቡ። በዚያም ሰው ሲገለብጥ ከሚሳሳት፥ ኮምፒውተሩ ራሱ ለምን አይገለብጥም ብለው አሰቡ። በ1952 ኤ ዜሮ የተባለውን ኮምፓይለር ሠሩ። ይህም በቴፕ ላይ የተቀመጡትን የፕሮግራም ክፍሎች በቁጥራቸው እየጠራ አንድ ላይ የሚያያይዝ ነበር። ኮምፒውተር ሒሳብ ከመሥራት በቀር ሌላ አይችልም ብለው የሚያምኑ ሰዎች ነገሩን በቶሎ አልተቀበሏቸውም። እሳቸው ግን ወደፊት በመግፋት ፍሎው ማቲክ የተባለውን፥ ነጋዴና የመዝገብ ሠራተኛ በሚያውቃቸው የእንግሊዝኛ ቃላት የሚጻፈውን ቋንቋ ከረዳቶቻቸው ጋር አዘጋጁ።

በ1959 የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች፥ የኮምፒውተር ሠሪዎችና ተጠቃሚዎች ወኪሎች በፔንታጎን ተሰብስበው፥ በማናቸውም ኮምፒውተር ላይ የሚሠራ አንድ የጋራ ቋንቋ እንዲዘጋጅ ተስማሙ። ኮቦል የተባለው ቋንቋ የመጣው ከዚህ ነው። ያዘጋጀው አንድ ሰው ሳይሆን ጉባኤ ነው፤ ነገር ግን ብዙው መሠረቱ የተወሰደው ከፍሎው ማቲክ ነበር። በዲሴምበር 1960 አንድ የኮቦል ፕሮግራም ተወስዶ፥ ሁለት ተፎካካሪ ኩባንያዎች በሠሯቸው በአር.ሲ.ኤ. 501 እና በዩኒቫክ 2 ላይ፥ በጥቂት ማሻሻያ ብቻ ሠርቶ ታየ። አስተርጓሚ ካለ ሁለት ቋንቋቸው የተለያየ ሰዎች አንዱን ደብዳቤ እንደሚረዱት፥ እያንዳንዱ ኮምፒውተር የራሱ ኮምፓይለር ስለ ነበረው ሰው የጻፈውን አንዱን ጽሑፍ ተረዳው።

ይሁን እንጂ ችግሩ በዚህ አላለቀም። ኮምፒውተር ሠሪዎቹ ሁሉ ኮቦልን ተቀብለናል እያሉ፥ እያንዳንዳቸው የራሳቸውን ይጨምሩበት፥ ወይም ይቀንሱበት ጀመር። በዚህም ምክንያት ፕሮግራሙ እንደ ገና ድንበር መሻገር አቃተው። ግሬስ ሆፐር በ1966 በዕድሜ ምክንያት ከባሕር ኃይል ጡረታ ወጥተው ነበር፤ ነገር ግን ይህን ጉዳይ እንዲያቃኑ በ1967 ለስድስት ወር ብቻ ተብለው ተጠሩ። ስድስቱ ወር ወደ 19 ዓመት ተራዘመ። እሳቸውም የአንድ ኩባንያ ኮምፓይለር በእውነት ደንቡን የጠበቀ መሆኑን የሚመረምሩ የመፈተኛ ፕሮግራሞች እንዲዘጋጁ አደረጉ። በቃል የተሰጠ ተስፋ በፈተና ካልተረጋገጠ እንደማይበቃ፥ መምህርት ነበሩና ያውቁት ነበር።

መምህርነታቸውንም እስከ መጨረሻው አልተዉም። ኤሌክትሪክ በሰኮንድ አንድ ቢሊዮንኛ ጊዜ ውስጥ ቢበዛ ምን ያህል እንደሚሄድ ለማሳየት፥ 30 ሳንቲሜትር ያህል የሆነ ሽቦ እየቆረጡ ለአድማጮቻቸው ያድሉ ነበር። በቢሯቸውም ወደ ኋላ የሚዞር ሰዓት ሰቅለው፥ የተለመደው መንገድ ብቻ ትክክል አለመሆኑን ያስተምሩበት ነበር። በ1986 በ79 ዓመታቸው በሪር አድሚራልነት ማዕርግ ጡረታ ወጡ፤ ጃንዋሪ 1 ቀን 1992 በ85 ዓመታቸው ዐርፈው በአርሊንግተን ብሔራዊ መካነ መቃብር ተቀበሩ። በ1997 አንድ የጦር መርከብ በስማቸው አገልግሎት ጀመረ፤ በ2016ም አገራቸው የፕሬዚዳንቱን የነፃነት ሜዳልያ ሰጠቻቸው።

እንግዲህ የትምህርት ቤት ጓደኞቼ፤ ፕሮግራማችን በሌላው ሲስተም ላይ እምቢ ሲለን ኮምፒውተሩን ከመውቀስ ይልቅ፥ ከአንድ ቦታ ጋር ያሰርነው ነገር የቱ እንደ ሆነ እንመርምር። ትምህርት ቤታችን ዓመት በዓሉን ሲያከብር፥ ዛሬ የምንሠራበት ኮምፒውተር ነገ በሌላ እንደሚለወጥ እናስታውስ። ከእኛ በኋላ የሚመጡት ተማሪዎች ድካማችንን ከአሮጌው ዕቃ ጋር እንዳይጥሉት፥ የምንሠራውን ሁሉ ሌላው ሊረከበው እንዲችል አድርገን እንሥራው።