ስሙ ለአረንጓዴ ድንጋይ የተሰጠው ጋርኒየር

የውጫሌ ልጅ ነኝ ስል ሰው ሁሉ የሚያነሳብኝ ውሉን ነው፤ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ተፈርሞ፣ በአንቀጽ 17 ሰበብ አድዋ ድረስ ያደረሰንን። ባለፈው ፋሲካ አገር ቤት ስገባ ግን አጎቴ የጠበቁኝ በሌላ ጥያቄ ነበር። የኤሌክትሪክ መኪና ባትሪ ኒኬል እንደሚፈልግ፣ ኒኬሉም ከቀይ አፈር እንደሚወጣ በሬዲዮ ሰምተዋል። የእኛ ቀይ አፈርስ ይኖረው እንደሆነ ጠየቁኝ። ጂኦሎጂ ተምሬ በአንድ ቃል መመለስ አሳፈረኝና ከጁል ጋርኒየር ጀመርኩላቸው።

ጋርኒየር እ.ኤ.አ. በ1839 በፈረንሳይዋ የድንጋይ ከሰል ከተማ በሴንት ኤቲየን ተወልዶ እዚያው የማዕድን ምህንድስና ተማረ። በ1863፣ ገና በ24 ዓመቱ ግድም፣ ፈረንሳይ ከአሥር ዓመት በፊት ወደያዘቻት የፓስፊክ ደሴት ወደ ኒው ካሌዶኒያ የማዕድን ሹም ሆኖ ተላከ። (የደሴቲቱ ገዥ ጊየን ቀደም ሲል የእኛን ጎረቤት የሶማሌን ጠረፍ ዞሮ መጽሐፍ የጻፈ የባሕር ኃይል መኮንን ነበር። ዓለም ጠባብ ናት።) ሁሉም በልቡ ያሰበው ወርቅ ይመስለኛል። ወጣቱ መሐንዲስ ግን በ1864 በዱምቤአ ወንዝ አካባቢ ድንጋዩን የለበሰ አረንጓዴ ነገር አየና ናሙና ያዘ። ፓሪስ ላይ ሲመረመር ኒኬል ሆኖ ተገኘ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከምድር ጥልቅ የወጣው ፔሪዶታይት የተባለ ድንጋይ ከመቶ 0.2 እስከ 0.3 የሚሆን ኒኬል በውስጡ ይዟል። ሞቃትና ዝናባማ በሆነ አገር ውሃው በሚሊዮን ዓመታት ማግኒዥየሙንና ሲሊካውን አጥቦ ይወስዳል፤ ብረቱ ከላይ ቀይ አፈር ሆኖ ይቀራል። ይህ ነው ላተራይት የሚባለው። ኒኬሉ ከፊሉ ከውሃው ጋር ወደ ታች ይሰርግና ግማሽ የበሰበሰው ድንጋይ ውስጥ፣ በስንጥቁ ሁሉ፣ የማግኒዥየምን ቦታ ይይዛል። የሁለቱ አተሞች መጠን ተቀራራቢ ነውና። እዚያ ክምችቱ ዐሥር እጥፍና ከዚያ በላይ ይሆናል። ቀዩ አፈር ላይ ቆሞ አረንጓዴውን መጠርጠር ቀላል ነገር አይደለም።

ጋርኒየር ግኝቱን በ1867 አሳወቀ። ለዓመታት ማንም አልተንቀሳቀሰም። የጊዜው የኒኬል ገበያ ትንሽ ነበር፤ አቅላጮቹም የለመዱት ድኝና አርሰኒክ ያለበትን ማዕድን እንጂ እንዲህ ያለውን አልነበረም። በ1874 አውስትራሊያ ያሉ ሊቃውንት አረንጓዴውን ድንጋይ በስሙ ጋርኒየራይት ሲሉት ቁፋሮውም ተጀመረ። እሱ ራሱ በ1876 ማዕድኑን እንደ ብረት በምድጃ የሚያቀልጥበትን ዘዴ በስሙ አስመዘገበ፤ በ1880 ደግሞ ከጆን ሂጊንሰን ጋር ሆኖ ለ ኒኬል የተባለውን ኩባንያ ካቋቋሙት አንዱ ሆነ። የውጫሌ ውል በተፈረመበት በ1889 የብሪታንያው ጄምስ ራይሊ ኒኬል ብረትን ምን ያህል እንደሚያጠነክር አሳየ፤ መንግሥታት ለጦር መርከባቸው ተሻሙበት። ለእኛም በ1923 ዓ.ም. በወጡት ባለ 10፣ 25 እና 50 ማቶና ሳንቲሞች ደረሰን። አጎቴ አንዱን እስከ ዛሬ በሳጥናቸው አኑረዋል።

አንድ ነገር ዘልዬ ማለፍ አልችልም። በ1878 መሬታቸው ለሰፋሪና ለከብት የተወሰደባቸው ካናኮች በአታይ መሪነት ዐመፁ። አታይ ተገደለ፤ የራስ ቅሉ ፓሪስ ተወስዶ ለዘመዶቹ የተመለሰው በ2014 ነው። ዐመፁ የመሬት እንጂ የኒኬል አልነበረም፤ ኩባንያው የበለጸገው ግን በዚያው መሬት ላይ ነው። ውጫሌ ያደገ ሰው ይህን ሲያነብ አንቀጽ 17 ትዝ ሳይለው አይቀርም።

ጋርኒየር በ1904 በደቡብ ፈረንሳይ በማንቶን አረፈ። የዛሬ የማዕድን ሊቃውንት ደግሞ ጋርኒየራይትን ራሱን እንደቻለ ማዕድን አይቆጥሩትም፤ ሰርፔንቲንና ታልክ መሰል የኒኬል ማዕድናት ቅልቅል ነው ይሉታል። ስሙ ግን ከቆፋሪው አፍ አልወጣም።

ለአጎቴ የነገርኳቸውም ይህንኑ ነው። የውጫሌ ተራራ ከ30 ሚሊዮን ዓመት ግድም በፊት የፈሰሰ ባዛልት ነው፤ አፈሩ ቢቀላም ኒኬሉ ከፔሪዶታይት ጋር የሚወዳደር አይደለም። በአገራችን ኒኬል ያዘለ ላተራይት የታወቀው በደቡብ፣ በአዶላ አካባቢ፣ ፔሪዶታይት ተለውጦ በሆነው ሰርፔንቲናይት ላይ ነው። ትንሽ ዝም ብለው ቆዩና፣ አዶላ ከውጫሌ በአውቶብስ ስንት ቀን እንደሚያስኬድ ጠየቁኝ።